መነጽሩን ለተማሪዎቼ ላድርግላቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አስተምራለሁ። ውጭ አገር ያለች እህቴ የቪአር መነጽር ላከችልኝ፤ ዓይን ላይ ሲደረግ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የገቡ የሚያስመስል ነው። ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን አያወሩትም፣ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ነው። መነጽሩ የሌላውን ሰው ሕይወት ያሳያል ሲባል ሰምቻለሁ። ጨለማ አድርጌ «እስቲ እሱን ሁኑ» ብላቸው ይቀርቡት ይሆን?
(መምህሩ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በመነጽሩ ይጠቀሙበት። ጨለማውን ግን ይተዉት።

ስድስት ኪሎ ለዓይነ ስውራን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሐፍ አነባለሁ። አንዷ ሕግ ነው የምትማረው። አንዳንዴ አብረን ወደ ፒያሳ እንወርዳለን። ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ሲል ታክሲው የቱ ጋ እንደቆመ በድምፁ ትለያለች። የሚቆላ ቡና ሲሸታት «መታጠፊያችን ደረሰ» ትለኛለች። ክዳን የሌለውን ጉድጓድ ከእኔ ቀድማ በበትሯ ታገኘዋለች። የሚያናድዳት አለማየቷ አይደለም። ሳይጠይቅ ክንዷን ጎትቶ የሚያሻግራት ሰው ነው። ካፌ ስንገባ ደግሞ «ምን ትጠጣለች?» ብሎ እኔን የሚጠይቀኝ አስተናጋጅ። እሷ እኮ እዚያው ተቀምጣለች!

ይህን የትኛው ጨለማ ያሳያል? ልጆችዎ ከወንበር ጋር ይጋጫሉ፣ ይደነግጣሉ፣ መነጽሩን አውልቀው «ውይ፣ ሲያሳዝን!» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ዓይናቸው ተሸፍኖ የተሞከረባቸው ሰዎች፣ ዓይነ ስውራን ሠርተውና ራሳቸውን ችለው መኖር እንደሚችሉ ያላቸው እምነት ቀንሶ ነው የተገኘው። የእርስዎን ተማሪ ደግሞ የሚያዝንለት ሳይሆን የሚያወራው ጓደኛ ነው የቸገረው።

መነጽሩ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በቪአር ቤት አልባ ሆነዋል። ለኪራይ የትኛውን ዕቃ እንደሚሸጡ ራሳቸው መርጠዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ አድረዋል። ከእነዚህ መካከል ከመቶ 82ቱ ለአቅመ ደካሞች ቤት እንዲሠራ በሚጠይቅ አቤቱታ ላይ ፈረሙ። ታሪኩን ካነበቡት ግን የፈረሙት ከመቶ 67 ናቸው። ቀላል ልዩነት አይደለም። ይሁንና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ እ.ኤ.አ. የ2021 ሥራ እንደሚለው፣ ቪአር ስሜትን ይቀሰቅሳል እንጂ የሰውን ሐሳብ የመረዳት ችሎታን አያሻሽልም። ያ የሚመጣው በወሬ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ለብቻው ያናግሩት። ካልፈለገ ነገሩ እዚያው ይብቃ። ከፈለገ «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ» የሚባለውን እ.ኤ.አ. የ2016 የቪአር ሥራ ይፈልጉ። ዓይናቸውን ያጡት ምሁር ጆን ሃል በቴፕ ከቀዱት ማስታወሻ የተሠራ ነው። ድምፅ ባለበት ሁሉ ቅርጽ በብርሃን ይወጣል፤ የሰው ኮቴ፣ የልጆች ጫጫታ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ቀድመው ያስረዷቸው። ተቀምጠው ይዩ፤ ራሱን ያዞረው ልጅ ያውልቅ።

ያለዎት መነጽር አንድ ነው፤ ሌሎቹ ተራ መጠበቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ከዓይነ ስውሩ ተማሪዎ ጋር ያስቀምጧቸው። ስልኩን እንዴት እንደሚጠቀም፣ ከቤት ትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሚመጣ ይጠይቁት። እሱም ያሻውን ይጠይቃቸው። ወረፋው ቢረዝም አይቸኩሉ።