ልጅሽን እስከ ሌሊት የሚያስነብባት ልዑሉ አይመስለኝም

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሦስት ልጆች ብቻሽን ታሳድጊያለሽ፣ ሁለት ሥራ ትሠሪያለሽ። የመጀመሪያዋ ልጅሽ 16 ዓመቷ ነው። ስለ ልዑልና ልዕልት የሚያወራ መጽሐፍ ይዛ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ታነባለች፣ ውጤቷም ትንሽ ቀንሷል። ፋርማሲ እንድትማር "ተነጋግረን ጨርሰን" ነበር ብለሻል፤ ደሴ ያሉት አያቶቿም ሰምተው ተደስተዋል። አሁን ግን ስትጠየቅ "አላውቅም" ትላለች። ተናደሽ መጽሐፉን ቆሻሻ ውስጥ ጣልሽው፣ የላይብረሪ መሆኑን እያወቅሽ። ጥያቄሽም "ይሄን የልዑል ቅዠት ከጭንቅላቷ እንዴት ላውጣላት?" የሚል ነው።

መጽሐፉን አላነበብሽውም። ሽፋኑ ላይ ያለችውን ባለ ትልቅ ቀሚስ ልጅ ማየት በቃኝ ብለሻል። እኔ ግን አንብቤዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልንገርሽ።

"ዘ ሴሌክሽን" ይባላል። ኪየራ ካስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመችው ነው። ታሪኩ የሚሆነው ወደፊት፣ ኢሌያ በምትባል የፈጠራ አገር ነው። እዚያ ሰው ሁሉ የተወለደበት ቁጥር አለው። 1 ነገሥታቱ ናቸው፣ 8 ደግሞ ጎዳና ላይ የወደቁት። ምን ሠርተሽ እንደምትኖሪ የሚወስነው ቁጥርሽ ነው። ባለታሪኳ 5 ናት፤ 5 ማለት ሙዚቀኛና ሠዓሊ ማለት ነው፣ ሥራ ሲጠፋ ጦሙን የሚያድር ቤተሰብ። (ስሟ አሜሪካ ነው። አዎ፣ አሜሪካ!) ልዑሉ ሚስት እንዲመርጥ 35 ልጃገረዶች ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ልጅቷ እዚያ በቆየች ቁጥር ለቤተሰቧ ገንዘብ ይከፈላል።

አሁን ልብ በይልኝ። ልጅቷ መወዳደር አትፈልግም። እንድትወዳደር የምትፈልገው እናቷ ናት። ትጨቀጭቃታለች፣ በመጨረሻም ሠርተሽ ከምታገኚው ግማሹን ለራስሽ ያዢው ብላ ታግባባታለች። በድብቅ የምትወደው ልጅ ሳይቀር ተመዝገቢ ብሎ ይለምናታል። የሚወዷት ሁሉ ናቸው ገፋ ገፋ አድርገው የሚልኳት። እናትየዋም ክፉ ሆና አይደለም፣ ቤቱ ስለቸገረው ነው።

ቤተ መንግሥት በገባች በመጀመሪያው ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል። ወደ አትክልቱ ቦታ ልትሮጥ ስትል ጠባቂዎቹ አያሳልፏትም። ልዑሉ ይደርስና በሩን ክፈቱላት ይላል። እሷ አመሰግናለሁ ማለት ቀርቶ ትቆጣዋለች። ሰውየው ግን ተቆጣችኝ ብሎ አያባርራትም፣ ቆይተው ጓደኛ ይሆናሉ። ለእኔ ከቀሚሱም ከዘውዱም በላይ የመጽሐፉ መስህብ እዚህ ጋ ነው። የሁሉን ተስፋ የተሸከመች ልጅ ደከመኝ ትላለች፣ ትቆጣለች፣ አልወድህም ትላለች፣ እንዲያም ሆኖ የሚጠላት የለም።

ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። የመብራት ቢል ሲመጣ የምትደውለው እሷ ናት። ሐኪም ጋ የምታስተረጉምልሽ እሷ ናት። ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ ናት። "እሷ ባትኖር ወድቄ ነበር" ብለሻል። ምስጋና መሆኑ ገብቶኛል፤ እሷ ግን ዘወትር ስትሰማው፣ እኔ ከደከምኩ እናቴ ትወድቃለች ብላ ብትረዳውስ? ልጅ ቤተሰቧን መርዳቷ ያለ ነው፣ የሚያኮራም ነው። ለወላጆቻቸው ከሚያስተረጉሙ ልጆች ብዙዎቹ ይኮሩበታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በውስጣቸው ይጨናነቃሉ። ያንቺ ልጅ የቷ እንደሆነች ከደብዳቤሽ ማወቅ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እሷ የተናገረችው ተብሎ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ "አላውቅም"። መጽሐፉን ስትጥይባትስ ምን አለች? አልጻፍሽውም።

እና ቅር አይበልሽ፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ወደ ልጅሽ አደላለሁ። መጽሐፉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ልጃገረዶች ለአንድ ወንድ ሲሻሙ ማየት እኔንም ያናድደኛል። ለልዑሉ እምቢ ማለት አይቻልም ተብለው የሚገቡበት ነገርም አለ፣ እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ሊያወሩበት የሚገባ። ግን የጣልሽውን መጽሐፍ እንዴት ታወሪበታለሽ?

ስለዚህ ለላይብረሪው ራስሽ ክፈይ፣ ልጅሽንም ይቅርታ ጠይቂያት። ከቻልሽ አንድ ምዕራፍ ታንብብልሽና የቱ ጋ ደስ እንደሚላት ጠይቂያት፤ መልሷን ለማረም አትቸኩዪ። የፋርማሲውን ወሬ ለጥቂት ወራት ብታቆዪው የሚቀርብሽ ነገር ያለ አይመስለኝም፣ አያቶቿም ይጠብቃሉ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ሌሊት አለመተኛቷ ከቀጠለ፣ ምግብ ከቀነሰች ወይም ከጓደኞቿ ከራቀች ግን ነገሩ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም፣ በአካል ባለሙያ ጋ ሂዱ። በትምህርት ቤቷ አማካሪ መጀመር ትችላላችሁ። ብቻ እዚያም እሷ እንዳታስተረጉምልሽ።