ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት ክዳኑን እይ

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በብረት ጀልባ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚያሻግር አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ሞተሩ የጭነት መኪና ናፍጣ ነው። ውሃው በጀልባዋ ሆድ ሥር በተበየደ ቧንቧ እየዞረ ይቀዘቅዛል። ባዶ ስሄድ ሰላም ነው። ስጭን ግን የሙቀት መርፌው 95 ላይ ቆሞ ሳለ ውሃው ይገነፍላል። መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውጥቶ ጣለው፤ ለውጥ የለም። እምቦጭ ቧንቧውን ሸፍኖት ይሆን?»

ወንድሜ፣ እምቦጭ አይመስለኝም። ችግሩ ቧንቧው ቢሆን መርፌው 95ን አልፎ ይነጉድ ነበር። እኔ የምጠረጥረው የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ነው።

ይህን ነገር ለመጣ ሁሉ እናገራለሁ፣ ታገሰኝ። እኔ ያለሁባት ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣናም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃ 100 ሳይደርስ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቡና ጀበናችን የሚገነፍለው በዚያው ሙቀት ነው። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ጭነት ላይ ከ90 በላይ ቢደርስ ጤናው ነው። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ካየህ ግፊቱ በባር ነው። ያን ግፊት ከያዘ በእኛ ከፍታ ውሃው እስከ 115 ገደማ አይፈላም። ሞላው ከላላ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ሞተርህ ያው ጀበና ሆነ ማለት ነው።

ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን አትክፈት! የታፈነው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ገልብጠህ እየው። ጎማው ደርቆ ዙሪያውን ከተሰነጣጠቀ ጣለው። አንድ የቡና ማጠቢያ ሞተር መጥቶልኝ ክዳኑን ስገለብጠው ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ በማስቲሽ ተለጥፎበት አገኘሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ያናድደኛል። ርካሹን ክዳንም አትግዛ። 0.9 ተጽፎበታል፣ በአውራ ጣት ስትጫነው ግን እንደ እስክሪብቶ ሞላ ይተኛል።

ክዳኑ ክፍት ሳለ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሳና ውሃውን ተመልከት። አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ሄዷል፤ ያኔ ክዳን አያድንህም። አረፋ ከሌለ አዲስ ክዳን ግጠም። ቴርሞስታቱንም መልስ። ያለ እሱ በብዙ ሞተሮች ላይ ትኩሱ ውሃ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ማውጣቱ ጥገና አይደለም።

ከዚያ አሸዋ በከረጢት ጭነህ ሞክራት። ሰው አትጫን፣ ከዳርም አትራቅ። ሲሞቅ ሞተሩን አጥፋና የላይኛውን ቱቦ በወፍራም ጓንት ጨመቅ አድርገው። ጠንከር ካለ ክዳኑ ይዟል። ክዳኑን ግን አሁንም እንዳትነካ፤ ቱቦው በእጅህ እስኪለዝብና እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ።

ቱቦው ጠንክሮም ከገነፈለ፣ ያኔ ጀልባዋን ወደ ዳር ጎትተህ ቧንቧውን ከእምቦጭና ከጭቃ አጽዳ።