ደቂቃዋን መሬት ላይ ያዟት

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሆን የምትፈልጉ የጎንደር ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ሬዲዮው ነው። እንግሊዝኛው ይከብዳል ወይ? ፓይለቱ ቢቆጣስ? እሱ በልምምድ ይመጣል። እኔ የማወራችሁ ስለ ደቂቃ ነው።

ከቦሌ ተነሥቶ አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከባሕር ዳር የተነሣማ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅበት። መንደርደሪያው አንድ ነው። ሁለት አውሮፕላኖች እኩል እንደርሳለን ካሉ አንዱ መዘግየቱ አይቀርም። ግን የት ይዘግይ?

እስቲ እናስላው። 60 ደቂቃ የሚቀረው ፓይለት ፍጥነቱን በ10 በመቶ ቢቀንስ ከ6 ደቂቃ በላይ ይዘገያል። 15 ደቂቃ የቀረው ያንኑ ቢያደርግ 2 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከሩቅ አገር የሚመጣውን በመንገዱ ላይ ቀስ እያደረጉ ማዘግየት ይቻላል። የኛው አጭር በረራ ግን ከፍታውን ያዘ ሲባል መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ማዘግየት ያለባችሁ ሳይነሣ፣ ሞተሩ ሳይጮህ ነው።

አንድ የጥምቀት ሰሞን ይህን ሳላደርግ ቀረሁ። የሁለት አውሮፕላኖች መድረሻ ሰዓት ሲገጣጠም አይቻለሁ። አንደኛው ገና አልተነሣም። ስልኩ እጄ ሥር ነበር። «አየር ላይ ይስተካከላል» ብዬ ተውኩት። አልተስተካከለም። የፊተኛው አርፎ መንደርደሪያው ላይ ቆየ፤ ሌላ ደግሞ ለመነሣት ይጠብቃል። ኋለኛውን ሆልዲንግ አስገባሁት፤ ተራው እስኪደርስ አየር ላይ እየዞረ ይጠብቃል ማለት ነው። አንዱ ዙር 4 ደቂቃ ነው። አምስት ጊዜ ዞረ። 20 ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ አቃጠለ። መንገደኞቹ ሲወርዱ ከታወር፣ ከመቆጣጠሪያው ማማ፣ አየኋቸው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ልጃቸውን ተደግፈው ነበር የሚራመዱት። አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስባቸውም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። ታወር ውስጥ የምንሠራው በዙሉ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት (UTC) ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው ትኬቱ ላይ 9፡00፣ በዙሉ 06፡00 ነው። ሦስቱንም በጭንቅላታችሁ አትያዙ። ጻፉት። የደከመው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ በሚነሣበት ማረፊያ ላለው ባልደረባችሁ ስትደውሉም «ትንሽ ይቆይ» አትበሉ። ትንሽ ማለት ለእናንተ 5፣ ለሱ 15 ሊሆን ይችላል። «12 ደቂቃ ያዝልኝ፣ ሞተር አያስነሣ» በሉት። ምክንያቱንም ንገሩት። የክረምት ደመና ከሆነ ደመና ነው፤ አታሳምሩት።

የሚቆጣ ይኖራል። መሬት ላይ የዘገየ መንገደኛ ያጉረመርማል፣ ይራገማል። ይራገም። አየር ላይ ከሚዞር ይሻለዋል። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጎንደር ደውሎም ቡናውን ቶሎ እንዳያፈሉት ይነግራቸዋል።