አምስት ስፒከር ተገጥሞ ሁለቱ ብቻ ለምን ይሰማሉ? የዙሪያ ድምፅ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው፤ ጊዜ አለኝ፤ ከየሰፈራችሁ ጠይቁ። ሐዋሳ ውስጥ አምፕሊፋየርና ቴሌቪዥን ስጠግን 17 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ሰዎች በባጃጅ ጭነው ካመጡልኝ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ምንም ብልሽት አልነበረባቸውም። የተበላሸው ከቴሌቪዥኑ ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። አምራቾቹ «ሪሲቨር» የሚሉት ስፒከሮቹ የሚታሰሩበትን ትልቁን ማሽን ነው። እኛ አገር ሪሲቨር ማለት የዲሹ ስለሆነ እዚህ አምፕሊፋየር እያልን እንነጋገር። ሁለተኛው፦ ማንኛውንም ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑንም አምፕሊፋየሩንም ከሶኬት ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት በቂ አይደለም። ብዙ ቤት የመሬት መስመር የለውም፤ ከማሽኑ አካል ላይ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ መንገድ ሲያጣ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል ያልፍና ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቺፕ ያቃጥላታል።

ከአቶቴ፦ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቼ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኘሁት። ፊልም ስከፍት የፊት ሁለቱ ስፒከሮች ብቻ ይሰማሉ። የመሀሉና የኋላዎቹ ዝም ብለዋል። ስፒከሮቹ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ስፒከሮቹን ለጊዜው ይተዋቸው፤ የአምፕሊፋየሩን ፊት ይመልከቱ። ፊልሙ እየሄደ ሳለ መስኮቱ ላይ ምን ተጽፏል? «ፒሲኤም» ወይም «ስቴሪዮ» የሚል ከሆነ አምፕሊፋየሩ የደረሰው ሁለት የድምፅ መስመር ብቻ ነው። ያልተላከለትን ከየት አምጥቶ ያሰማል? «ዶልቢ ዲጂታል» ወይም «ዲቲኤስ» (የዙሪያ ድምፅ የሚታመቅባቸው ዘዴዎች) ሲል ነው ስድስቱም መስመር የደረሰው። 5.1 የሚባለው እሱ ነው፤ አምስቱ የስፒከሮቹ፣ አንዱ የቤዙ።

ጥፋቱ ያለው ቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ነው። ድምፅ በሚለው ክፍል የዲጂታል ድምፅ ውጤት የሚባል ምርጫ አለ። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ፒሲኤም ላይ ነው። እሱን ወደ «ፓስ ስሩ» ወይም «ቢትስትሪም» ይለውጡ፤ ሁለቱም ድምፁ ሳይነካ እንደመጣ ይለፍ ማለት ነው፤ ሁለቱም ከሌሉ «አውቶ» ይሁን።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፒሲኤም ያልታመቀ ድምፅ ነው። ሁለት መስመር በተለመደው ጥራት በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። ዶልቢ ዲጂታል ግን ስድስቱን መስመር አምቆ ቢበዛ 640 ሺህ ቢት ውስጥ ያስገባቸዋል። ኤአርሲ የሚባለው ከቴሌቪዥን ወደ አምፕሊፋየር የሚመለሰው የድምፅ መንገድ ጠባብ ስለሆነ ያልታመቀውን ከሁለት መስመር በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ፒሲኤምን የመረጠ ሰው ስድስቱን ወደ ሁለት አጥፎ እንዲልክ ቴሌቪዥኑን አዝዞታል ማለት ነው። ይህንን የተረዳ ሰው የቀረውን ግማሽ ችግር ራሱ ይፈታዋል።

ከታቦር፦ ይቅርታ፣ ግን ፒሲኤም ያልታመቀ ከሆነ ጥራቱ ይበልጣል ማለት አይደለም? እኔ ሁልጊዜ ፒሲኤም ነው የምጠቀመው።

ባለ ካፌው፦ ትክክል ነው፤ የእኔም እንደዚያው ነው፤ በጣም ጥርት ይላል።

ከሞኖፖል፦ ጥርት የሚለው ሙዚቃ ስለምትከፍቱ ነው። ሙዚቃ ድሮም ሁለት መስመር ነው።

መልስ፦ የሞኖፖሉ ልክ ነው። ለሙዚቃ ፒሲኤም ምንም አያጎድልባችሁም። ማጫወቻው በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ከገባም ያልታመቀው ድምፅ በስድስት ወይም በስምንት መስመር ይሄዳል፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። እኔ የምናገረው ከቴሌቪዥን በኤአርሲ ስለሚመጣው ነው።

ስም የሌለው፦ ድምፅ አይሰራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ድምፅ? ከየትኛው ማሽን? በምን ገመድ? እነዚህን ሳይነግሩኝ መመለስ አልችልም።

ከመናኸሪያ፦ እኔ ዘንድ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጭራሽ ምንም ድምፅ አይመጣም። ገመዱ ደህና ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ምስል ያሳያል።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። በቅደም ተከተል ይሂዱ። ቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች «ኤአርሲ» የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ደግሞ ገመዱ መግባት ያለበት «አውት» የተባለው ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባ ስለሆነ «ኢን» ላይ ይሰኩታል። ባለፈው ወር አንድ አባት ሁለት ሰው የሚያነሳውን ማሽን ይዘው መጡ። ጀርባውን አዙሬ አየሁት፤ «ኢን 1» ላይ አቧራው ተጠርጓል፣ «አውት» ላይ ግን የፋብሪካው የፕላስቲክ ክዳን ገና አልተነሳም። ከዚህ ወዲያ ምንም መክፈት አላስፈለገኝም።

ቀዳዳው ትክክል ከሆነ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ሲኢሲ፣ ማለትም ማሽኖቹ በኤችዲኤምአይ ገመድ እርስ በርስ የሚታዘዙበት ምርጫ፣ መከፈት አለበት። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይሉታል። አምፕሊፋየሩም የራሱ የኤአርሲ መክፈቻ አለው።

አሁንም ዝም ካለ ገመዱን ይጠርጥሩ። ምስል ማሳየቱ ማስረጃ አይሆንም። ኤአርሲ የሚሄደው በ14ኛዋና በ19ኛዋ የገመዱ እግር ላይ ነው። ኤአርሲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ሲሆን ከዚያ በፊት 14ኛዋ እግር ሥራ አልነበራትም፤ አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ገመዶች ውስጥ ሽቦዋ ጭራሽ የለም። ምስሉ ያልፋል፣ ድምፁ አይመለስም። ገመድ ስትቀይሩ ደግሞ ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ።

ከታቦር፦ ታዲያ ወርቅ የተቀባው ውድ ገመድ ይሻላል?

ባለ ካፌው፦ በጣም! እኔ ገዝቼ ልዩነቱን አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ሽቦዎቹ ሙሉ ከሆኑና ገመዱ አጭር ከሆነ ድምፁ ያው ነው። ዲጂታል ነው፤ ይደርሳል ወይም ይቆራረጣል። በልዩነቱ ገንዘብ ለመሀል ስፒከር ጨምሩበት። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ በፍላሽ ያመጣሁት ፊልም ምስሉ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን «አይደገፍም» ይላል። ሌሎቹ ፊልሞች ደህና ናቸው። ፍላሹ ነው ጥፋቱ?

መልስ፦ ፍላሹ አይደለም፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ድምፅ ዲቲኤስ ስለሆነ ነው። ዲቲኤስ ከዶልቢ ጋር የሚፎካከር ሌላ ቅርጸት ነው። ለፈቃድ ክፍያ ያለበት በመሆኑ ቴሌቪዥን ሠሪዎች እያነሱት መጥተዋል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ አውጥቶታል፤ ኤልጂም ለጥቂት ዓመታት ትቶት ነበር። አምፕሊፋየርህ ዲቲኤስ ቢያውቅም ፍላሹ የተሰካው ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሆነ ድምፁ እዚያው ይታገታል።

ሁለት መውጫ አለህ። አንደኛው ፍላሹን የሚያነብ ማጫወቻ ወይም ኮምፒውተር በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ መሰካት ነው፤ ምስሉ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። እኔ ለሁሉም ሰው የምመክረው ይህንን አሠራር ነው፤ ማጫወቻው መጀመሪያ ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን። ሁለተኛው ምስሉን ሳትነካ ድምፁን ብቻ ወደ ዶልቢ ዲጂታል መለወጥ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል። መጠኑን 640 ላይ አድርገው፤ ስድስቱ መስመር መጠበቁንም አረጋግጥ። ወደ ሁለት መስመር አጥፈህ ከለወጥከው ልፋትህ ከንቱ ነው።

ባለ ካፌው፦ እኔ ከዲሽ ኳስ ሳሳይ አምስቱም ስፒከር እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ዶልቢ የሚል ነገር አላገኘሁም።

መልስ፦ አብዛኞቹ የዲሽ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት በሁለት መስመር ነው። የማይላክ ነገር አይገኝም። ለካፌ ግን የተለየ ዘዴ አለ፤ አምፕሊፋየሩ ላይ «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» የሚለውን ይምረጡ፤ ያው ድምፅ በአምስቱም ይወጣል።

ከሞኖፖል፦ እንዲህ ከሆነማ የዙሪያ ድምፅ አይባልም፤ ጩኸት ማብዛት ነው።

ባለ ካፌው፦ ደንበኛው ጥግ ላይ ሆኖ ኮሜንታተሩን መስማት አለበት እኮ!

ከሞኖፖል፦ ባለፈው እሑድ እዚያ ነበርኩ፤ ጎል ሲገባ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ካፌው በኋላ ተነጋገሩ። በነገራችን ላይ አንዳንድ የኤችዲ ጣቢያ ላይ ምስል ኖሮ ድምፅ የሚጠፋባችሁ፣ ጣቢያው ድምፁን በዶልቢ ልኮ የዲሹ ሪሲቨር መፍታት ስላልቻለ ነው። የሪሲቨሩን ድምፅ ወደ «ቢትስትሪም» ለውጣችሁ በኤችዲኤምአይ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኩት፤ እሱ ይፈታዋል።

ከፒያሳ፦ እህቴ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር ልካልኛለች። ስታብላይዘር አለኝ፤ ልሰካው?

መልስ፦ አይሰኩት! ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ስታብላይዘር የሚወዛወዘውን ወደ 220 ያስተካክላል እንጂ ወደ 120 አያወርድም። የሚያስፈልገው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ዋቱም ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ በደንብ የሚበልጥ ይሁን። አንዱን እንዲህ ተሰክቶ የመጣ ከፍቼው ነበር። የትራንስፎርመሩ ጥቅል ጠቁሮ ቫርኒሹ ቀልጦ ወርዷል፤ ሽታው ሦስት ቀን ከሱቁ አልወጣም። ባለቤቱ ከሳጥኑ ካወጣው አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር። እባካችሁ፣ ከውጭ የመጣ ማሽን ያላችሁ ሁሉ ጀርባውን አንብቡ።

ከአላሙራ፦ ቴሌቪዥኔ አሮጌ ነው፤ ኤአርሲ የለውም። ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል መውጫ ግን አለው። ይሆናል?

መልስ፦ ለዶልቢ ዲጂታልና ለተራው ዲቲኤስ በደንብ ይሆናል። ከሲኢሲ ጣጣም ነፃ ነው። ገመዱን ስትሰኩ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ክዳኖች አውልቁ፤ ብዙ ሰው ሳያያቸው ይሰካል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ከገመዱ ሌላ ጫፍ ቀይ ብርሃን መታየት አለበት። ገመዱን ግን አትጠፉት፤ ውስጡ ይሰበራል።

ከታቦር፦ ዶልቢ አትሞስስ?

መልስ፦ አትሞስ ድምፁን ከላይ ጭምር እንደሚመጣ አድርጎ የሚያሰማ የዶልቢ ዓይነት ነው። ከኢንተርኔት የሚመጣው አትሞስ በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ታምቆ ስለሚመጣ፣ ቴሌቪዥኑም አምፕሊፋየሩም ካወቁት በኤአርሲ ያልፋል። በኦፕቲካል አያልፍም። በብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለው ትሩኤችዲ (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀው የዶልቢ ድምፅ) ግን ሰፊውን መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣውን ኢ-ኤአርሲን ይፈልጋል፤ እሱ በሰከንድ 37 ሚሊዮን ቢት ያህል ያሳልፋል። ወይም ደግሞ ማጫወቻውን አምፕሊፋየሩ ላይ መሰካት ነው፤ ቀደም ብዬ ተናግሬዋለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፤ አምስት ስፒከር አለኝ፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚሰሙት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ወደ ላይ ወጥተው ያንብቡት። መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን መስኮት ይመልከቱ።

ከፒያሳ፦ የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

መልስ፦ ብራንድ አልመርጥላችሁም።

ከአላሙራ፦ ከንፈርና ድምፅ አይገጥምም፤ ድምፁ ይቀድማል።

መልስ፦ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ስለሚወስድ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ «ሊፕ ሲንክ» ወይም «ኦዲዮ ዲሌይ» የሚለውን ፈልገው ሰው ሲያወራ እያዩ በ10 ሚሊ ሰከንድ እየጨመሩ ያስተካክሉ። የስፒከሮቹን ርቀት ከመለካት ጋር አያምታቱት። ርቀቱን ስታስገቡም መለኪያው ሜትር ነው ወይስ ጫማ የሚለውን እዩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 3 ሜትር ለመጓዝ 9 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። 3 ሜትሩን 3 ጫማ ብላችሁ ካስገባችሁት ግን ማሽኑ ስፒከሩ አጠገባችሁ ያለ መስሎት ድምፁን ያዘገይባችኋል።

ከአቶቴ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ወደ ፓስ ስሩ ስለውጠው መስኮቱ ላይ «ዶልቢ ዲጂታል» ተጻፈ! የመሀሉ ስፒከር ንግግሩን ሲያወጣው ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጣች። ነገር ግን የግራው የኋላ ስፒከር አሁንም ዝም ነው።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! አሁን ስፒከሩን መጠርጠር ይቻላል። ከአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ «ቴስት ቶን» የሚለውን ይክፈቱ፤ ሹሹታው በየስፒከሩ እየዞረ ይሰማል። ግራው ላይ ሲደርስ ከጠፋ ሁለቱንም ማሽኖች ከሶኬት ነቅለው የግራና የቀኝ የኋላ ገመዶችን አምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ። ዝምታው ወደ ቀኙ ስፒከር ከተዛወረ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ነው፤ ግራው ላይ ከቀረ ገመዱ ወይም ስፒከሩ ነው። ስታስሩት አንዲት የሽቦ ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቷን እንዳትነካ በጣት ጠምዝዘው ያስገቡ።

ከአቶቴ፦ ነቅዬ አየሁት። ቀይዋ ሽቦ ከነፕላስቲኩ ነበር የታሰረችው።

መልስ፦ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልጠው እንደገና ይሰሩት።