የሎሜው ኩባንያ ቅርንጫፍ አይደለም፦ ለአውሮፕላን ጥገና አመልካች የተሰጠ ምላሽ

ውድ እኅቴ፣ ከአዳማ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኞችን የሚጠራበትን ማስታወቂያ እየጠበቅሽ መሆኑን ነግረሽኛል። አጎትሽ ደግሞ «እዚህ ወረፋ ከምትጠብቂ ሎሜ ላለው ቅርንጫፍ፣ ለአስካይ፣ በቀጥታ አመልክቺ፤ ደመወዙ በዶላር ነው፤ ከዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ያዛውሩሻል» ማለታቸውን ጠቅሰሽ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ጠይቀሽኛል። አጎትሽ በቅንነት የመከሩሽ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ምክራቸው በሙሉ «ቅርንጫፍ» በሚለው ቃል ላይ የቆመ ሲሆን፣ ቃሉ ራሱ ትክክል አይደለም።

አስካይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሥርቶ በ2010 መጀመሪያ ላይ በረራ የጀመረ፣ መቀመጫውን በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ያደረገ ኩባንያ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻውና ስትራቴጂያዊ አጋሩ እንጂ ብቸኛ ባለቤቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በተቋቋመው የማላዊ አየር መንገድ ውስጥ ያለው ድርሻ 49 በመቶ ነው፤ በዲሴምበር 2021 ዳግም መብረር በጀመረው የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ፣ በ2024 መጨረሻ ሥራ በጀመረው ኤር ኮንጎ ደግሞ 49 በመቶ ነው። ቁጥሩ በእነዚህ ሁሉ ከግማሽ በታች የሆነው በአጋጣሚ ወይም በገንዘብ እጥረት አይደለም። አገሮች እርስ በርስ በሚፈራረሙት የአየር አገልግሎት ስምምነት የበረራ መብት የሚሰጠው በተለምዶ አብዛኛው ድርሻውና ቁጥጥሩ በዚያው አገር ዜጎች ወይም መንግሥት እጅ ለሆነ አየር መንገድ ነው። የማላዊው ኩባንያ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቢሆን ኖሮ፣ ጎረቤት አገር «ይህ የማላዊ አየር መንገድ አይደለም» ብሎ የማረፊያ መብት ሊከለክለው ይችል ነበር። የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1999 የተስማሙበት የያሙሱክሮ ውሳኔም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ይህን አጥር ለማላላት የታሰቡ ናቸው፤ አጥሩ ግን እስካሁን አልፈረሰም።

ይህን ያስረዘምሁት የአንቺን ዕጣ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። እነዚህ እህት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሰጣቸው የሥራ ፈቃድ፣ የራሳቸው የደመወዝ መዝገብና የሚገዙበት የራሳቸው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አላቸው። ሎሜ በቀጥታ የተቀጠረ ሰው የቶጎው ኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ በዝውውር ደብዳቤ ቦሌ አይገባም፤ መምጣት ቢፈልግ ለቅቆ እንደ አዲስ መወዳደር አለበት። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ በትውስት የሚላክ ባለሙያ የሥራ መደቡ እዚህ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመሩት የቻድና የሞዛምቢክ እህት ኩባንያዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በረራ ማቆማቸውን ስታስቢ፣ መመለሻ ወንበር ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት ይገባሻል።

ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ሲመሠረት የሚያስተዳድረው ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ በተደረገው የመጀመሪያ በረራ ዘመን አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በ1971 ነው። ዛሬ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ የአሜሪካውያኑን ቦታ የያዝነው እኛ ነን፤ ማላዊውም ያኔ እኛ እንደጠበቅነው ሁሉ ቦታው ለልጆቹ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ይገባዋልም። ስለዚህ በእህት ኩባንያዎች ውስጥ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጥ ቦታ ከጅምሩ እንዲያልቅ የታሰበ ቦታ ነው፤ እስኪያልቅም ድረስ የሚፈለገው የአገሬው ሰው ገና ያልያዘውን ሙያ የያዘ ሰው ነው። አንቺ ዛሬ በእጅሽ ያለው ዲግሪ ነው፤ ዲግሪ ደግሞ ቶጎም አለ።

የሚጎድልሽን በቅርብ ላሳይሽ። በአንድ አነስተኛ ጣቢያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቦይንግ 737 አርፎ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ መነሳት አለበት እንበል። ቴክኒሺያኗ በእጅ ባትሪ ጎማውን ትመረምራለች፣ የሞተሩን ዘይት ትለካለች፣ አብራሪው በቴክኒክ መዝገቡ ላይ የጻፈውን ብልሽት ታነባለች። መለዋወጫው ጣቢያው ላይ የለም። አውሮፕላኑ ከነጉድለቱ መብረር ይፈቀድለት እንደሆነና ለስንት ቀን እንደሆነ ከተፈቀደው ዝርዝር አመሳክራ፣ ስሟንና የፈቃድ ቁጥሯን ጽፋ ትፈርማለች። ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የሚጠየቅ አለቃ ቅርብ ነው፤ እዚያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ልትሆን ትችላለች። ጀማሪ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የማይላከው በንፍገት አይደለም።

እንግዲህ ምክሬ በአዲስ አበባ በኩል ግቢ ነው። ሥልጠናውን ጨርሰሽ፣ የሥራ ልምዱን አሟልተሽ፣ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚሰጠውን የቴክኒሺያን ፈቃድ ያዢ፤ ይህን ፈቃድ የሌላ አገር ባለሥልጣን አይቶ ሊያጸድቀው ይችላል፤ የሌለሽን ፈቃድ ግን ማንም ሊያጸድቅልሽ አይችልም። በየዕለቱ የሠራሽውንም ሥራ በሎግ ቡክሽ መዝግበሽ በዕለቱ አስፈርሚ፤ ከወራት በኋላ ፈራሚው ሌላ ቦታ ተመድቦ ሲፈለግ የሚባክነውን ጊዜ ብዙ ሰዎች ነግረውኛል። የአውሮፕላን ዓይነት የመምረጥ ዕድል ከገጠመሽ፣ ወጣቱ ሁሉ ለድሪምላይነርና ለኤ350 ሲሻማ አንቺ 737ን ወይም ባለ ውልብልቢቱን ኪዩ400 ብትመርጪ አልቃወምም፤ እህት ኩባንያዎቹ በአጫጭር መስመሮቻቸው የሚጠቀሙት እንዲህ ያሉትን ነውና።

ፈረንሳይኛውን ግን ዛሬ ጀምሪ። የጥገና ሰነዱ የትም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሎሜና የኮንጎዋ ኪንሻሳ መሥሪያ ቤት ግን በፈረንሳይኛ ይሠራል፤ በሊሎንግዌና በዛምቢያዋ ሉሳካ በእንግሊዝኛ ትግባቢያለሽ። ስለ ዶላሩም አጎትሽን በትሕትና «ውሉ ላይ ተጽፏል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሎሜ ገንዘብ ከዩሮ ጋር የታሰረው ሴፋ ፍራንክ ሲሆን፣ በማላዊ ገንዘብ በክዋቻ ደግሞ የዶላር ዋጋ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በአንድ ጊዜ 44 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ደመወዝ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል ሳይታወቅ መጠኑን ብቻ ማወዳደር ትርጉም የለውም። «ሎሜ አስገባሻለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣብሽ ጊዜሽን አታባክኚበት።

ማስታወቂያው ወጥቶ ከተመረጥሽ የሥልጠና ውል ይቀርብልሻል። በውሉ ውስጥ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለብሽ፣ ቀድመሽ ብትለቂ ምን ያህል እንደምትከፍይና ዋስሽ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠየቅ ሳታረጋግጪ አትፈርሚ። ዋስ የሚሆኑሽ አጎትሽ ከሆኑ ውሉን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁ አንቀጽ ካለም ገልብጠሽ ላኪልኝ።