ግድግዳው ሳይለሰን ጠይቁኝ

ቤት እያደሳችሁ በግድግዳና በወለል ውስጥ ሽቦ ልታሳልፉ ላሰባችሁ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ፤ እንግዲህ የቻልኩትን ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን ብሬከሩን አጥፉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፣ በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩንም መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ የተበላሸ ቴስተር ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ከሶኬቱ እስከ ማብሪያ ማጥፊያው በሰያፍ ብቆርጥ ሽቦ ይቆጥብልኛል። ምን ችግር አለው?

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። ነገ ስዕል ሊሰቅል የሚመጣ ሰው ሶኬቱን አይቶ ሽቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች፣ ካልሆነም በአግድም እንደሚሄድ ነው የሚገምተው። እኔ አንድ ቤት መደርደሪያ ለመስቀል ስበሳ፣ ሶኬቱ ከምበሳበት ቦታ በጣም ርቆ ስለነበር ልቤን ሞልቼ ነው የጀመርኩት። የድሪሉ ጫፍ ላይ ብልጭ አለና ጧ ብሎ ብሬከሩ ጣለ። ልስኑን ፈልፍለን ስናይ ሽቦው በሰያፍ ተቀብሯል። ያ ብሬከር ባይሠራ ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ምን ያህል ጥልቀት ይቆረጥ?

በቁም ሲሆን ከውፍረቱ ሲሶ፣ በአግድም ሲሆን አንድ ስድስተኛ፣ ከዚያ አትለፉ። 15 ሴንቲ ለሆነ ድፍን ግድግዳ በቁም 5፣ በአግድም 2.5 ሴንቲ ማለት ነው። ክፍት ብሎኬት ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፣ የብሎኬቱ ፊት ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል። በግድግዳው ሁለት ወገን ጀርባ ለጀርባም አትቁረጡ። ኮለንና ቢም ደግሞ ጭራሽ አይነኩም፤ ፌሮ ቆርጦ ሽቦ ማሳለፍ ቤቱን መጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚሳብበት ቱቦ) የግድ ነው? ሽቦውን ዝም ብዬ ልስን ውስጥ ብቀብረውስ?

ለዚህ የተሠራ ባለ ልባስ ኬብል አለ፣ እኔ ግን ሁሌም ኮንዲዩት ነው የምመርጠው። ሽቦው ሲበላሽ ግድግዳ ሳታፈርስ ስበህ ትቀይረዋለህ። ዋናው ነገር እስከ አፉ አለመሙላት ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ ከሆነ ከውስጡ ስፋት 40 በመቶ በላይ አይያዝ። ሽቦ በሚገናኝባቸው ሁለት ሳጥኖች መካከል ከአራት በላይ ባለ 90 ዲግሪ ማጠፊያ ካለ ሽቦው ይነክሳል፣ ስትስበውም ልባሱ ይላጣል።

ጥያቄ፦ የእንጨት ወለል ነው ያለኝ። ተሸካሚዎቹን ብበሳቸው ይጎዳሉ?

እህቴ፣ ቦታው ላይ ነው ነገሩ። ቀዳዳውን ከእንጨቱ ከፍታ መሃል ላይ አድርጊው፣ ስፋቱም ከከፍታው ሩብ አይብለጥ፤ 20 ሴንቲ ለሆነ እንጨት እስከ 5 ሴንቲ። ከዳሩ ያለው ርቀት ከ3 ሴንቲ ካነሰ የወለሉ ሚስማር ሽቦውን ያገኘዋል፣ ስለዚህ እዚያ ጋ የብረት ሳህን ምቺበት። ከላይ ጠርበሽ ሽቦውን ጉድጓዱ ውስጥ ማስተኛት ግን እንጨቱንም ያደክማል፣ ሽቦውንም ለሚስማር ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ሽቦው አጠረኝ። በናስትሮ ቀጥዬ ልቅበረው?

በፍጹም! የላላ ግንኙነት ይግላል፣ ሲግል ናስትሮው ይቀልጣል፣ ማንም ሳያየው ግድግዳ ውስጥ ይነዳል። መቀጠል ካለብህ ክዳኑ በሚከፈት ስካቶላ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ቀጥል፣ ክዳኑንም በልስን አትሸፍነው። ቢቻል ግን አዲስ ሽቦ ሳብ።

ጥያቄ፦ ነገ ልሰናው ይጀመራል። የቀረኝ ነገር አለ?

ሁለት ነገር። ባለሙያ የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ እንደማያሾልክ በ500 ቮልት ይሞክርልህ፤ ንባቡ ከ1 ሜጋኦም ካነሰ ልሰናው ይቁም። ከዚያ ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርግተህ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሳ፣ ከወለልና ከጥግ ያለው ርቀት እንዲነበብ ቀረብ ብለህ። ፎቶውን አትመህ የብሬከሩ ሳጥን በር ውስጥ ለጥፈው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ቤቱም ባለቤት ይቀይራል።