መልስ፦ የእናቴ እግር ያበጠው በመተት ነው?

ወንድሜ፣ ደምበጫ ያሉት እናትህ ሁለቱም እግራቸው ከጣታቸው ጀምሮ ቀስ በቀስ ካበጠ፣ «የእባብ አጥንት ረግጠው ነው» የሚለውን የጎረቤት ወሬ ተወው። እንደገለጽከው ዝሆኔ ይመስላል፤ ጤና ጣቢያ ይታዩ። በእኛ በጎጃም ደጋ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቀዩ አፈር ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ይገባና ፈሳሽ የሚያስወግዱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ማዕድ የሚለይባቸው ዘመድ ካለ ይህን አንብብለት!

እንክብካቤው ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ይኸው ሕመም ያለባት አክስቴ ማታ ማታ ሳፋ ታቀርባለች። እግሯን በሳሙና ታጥባለች፤ ከዚያ ባለሙያ በነገራት መጠን በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ትዘፈዝፋለች። የጣቶቿን መሀል በንጹህ ጨርቅ አንድ በአንድ ታደርቃለች (ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው)። ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ሰፋ ያለ ሽፍን ጫማ። ስትቀመጥ እግሯ በርጩማ ላይ ነው።

ትኩሳትና ንፍፊት መጥቶ እግራቸው ከጋለ «ምች ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።